ዴስክቶፔ ሦስቴ ፎርማት ተደርጎም ድርግም ማለቱን አልተወም (ደሴ)

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 8, 2018፣ ማታ 2:20

እንደምን አመሻችሁ፣ ወሎዬዎችም ሌሎቻችሁም።

ቤት ያለው ዴስክቶፕ ትዕግሥቴን ጨርሶታል። የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ፤ ፈተናውንም ወርክሺቱንም የማዘጋጀው ሳሎን ተቀምጬ ነው። ልጆቼም በሱው ያጠናሉ። ከመስከረም ወዲህ ግን ሥራ መሃል ጥሎኝ ይሄዳል። አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ እንግሊዝኛ ይደረድርና ራሱን አጥፍቶ ይነሳል፤ አንዳንዴ ምንም ሳይል ድርግም። ባለፈው ሳምንት የአርባ ጥያቄ ፈተና ጽፌ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ስደርስ ጠፋ። ሴቭ አላደረግሁም ነበር፤ እሱ የራሴ ጥፋት ነው፣ አትቆጡኝ።

ዕቃው ተገጣጣሚ ነው፤ ኮር አይ ፋይቭ አራተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ሜሞሪ (ራም)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። እዚሁ ከተማ አንድ ጥገና ቤት ሦስት ጊዜ ወሰድኩት፤ ሦስቴም ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውሱ እንደገና ተጭኖ መጣ። የሚገርመው እነሱ ጋ ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላል፣ እኔ ቤት ሲገባ ያመዋል። ባለቤቴ «ቡዳ በልቶታል፣ ጢስ ይታጠን» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም ወደ ማመኑ ተቃርቤያለሁ።

ሰኞ ገበያ | ደሴ | ኅዳር 8፣ ማታ 2:41

መምህር ምን ያደክምዎታል፣ ዊንዶውስ 10 አለቀለት እኮ! ጥቅምት 4 ማይክሮሶፍት ድጋፉን አቁሟል። 11 ያስጭኑበትና ይገላገሉ።

የቦርከና ልጅ | ኮምቦልቻ | ኅዳር 8፣ ማታ 3:15

ሰኞ ገበያ ወንድሜ፣ ድጋፍ ቆመ ማለት የደኅንነት ማሻሻያው እንደ ድሮው አይመጣም ማለት ነው እንጂ ማሽኑ እየጠፋ ያስቸግራል ማለት አይደለም። ደግሞ የመምህር ኮምፒውተር አራተኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 በደንቡ የሚቀበለው ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። በጓሮ በር ማስገባት ይቻላል፣ ግን አሁን ጊዜው አይደለም።

መምህር፣ እኔ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ሰማያዊው ሲመጣ ከታች «ስቶፕ ኮድ» ብሎ የሚጽፈውን ያንብቡልን። ቶሎ እያለፈ ካስቸገረዎት ሲስተም ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ፣ ከዚያ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ውስጥ ገብተው «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» የሚለው ላይ ያለችውን ራይት ያጥፏት። ከዚያ በኋላ እርስዎ እስኪያጠፉት ድረስ እንደቆመ ይጠብቅዎታል፤ በስልክ ፎቶ ያነሡታል።

ሐይቅ ዳር | ሐይቅ | ኅዳር 9፣ ጠዋት 1:50

እኔ ሐይቅ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። ሙያው ሳይሆን ችግሩ አስተምሮኛል። መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅዎት መምህር፤ ኮምፒውተሩ የት ነው የተቀመጠው? ቡና የሚፈላበት ሳሎን ውስጥ ነው? ዳንቴልስ አልለበሰም?

አትሳቁ። የዕጣኑ ጢስና የከሰሉ ብናኝ ከምንጣፍ አቧራ ጋር ሲገናኝ የሚሠራውን ነገር ፋኑን ፈትቶ ያላየ አያውቀውም። እንደ ብርድ ልብስ ነው። የኔ አንዱ ኮምፒውተር በየአንድ ሰዓቱ ይጠፋ ነበር፤ ፋኑን ብናወጣው ከሂት ሲንኩ (ሙቀቱን ከሚያወጣው ብረት) ላይ አቧራው እንደ ጨርቅ ተገፎ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ወሩ አስጠርጋለሁ።

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 9፣ ማታ 1:30

ሐይቅ ዳር፣ ቤቴን በመስኮት አይተሽዋል ልበል?

አዎ ሳሎን ነው። አዎ ቡና ይፈላል፣ እንደ ወሎ ደንብ አቦል ቶና በረካ ሳይባል አይነሳም። ዳንቴሉንም ባለቤቴ በእጇ ሠርታ አልብሳዋለች፤ ከኋላ ድረስ ይወርዳል፣ ቀዳዳውን ሁሉ ሸፍኖታል። ዛሬ የሙቀት መለኪያ ፕሮግራም አውርጄ ሳየው ሁለት ቪዲዮ ከፍቼ 94 ዲግሪ ደረሰ። ፈትቼ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁት፣ ተርማል ፔስቱም (ፕሮሰሰሩና ሂት ሲንኩ መካከል የሚቀባው) ደርቆ ኖራ መስሏል፣ አስቀየርኩት። አሁን በዚያው ሥራ 68 ነው። ተባረኪልኝ ከማለት በቀር ምን እላለሁ።

ቆቦ ፀሐይ | ቆቦ | ኅዳር 9፣ ማታ 2:05

ደሴ ላይ ኮምፒውተር ሞቀኝ አለ? ወላሂ ጉድ ነው። ቆቦ መጥቶ ቢያይ ምን ሊል ነው!

የቦርከና ልጅ | ኮምቦልቻ | ኅዳር 9፣ ማታ 2:30

ቆቦ ፀሐይ፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ቢበርድም ስስ ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ያህሉ የለም። ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። ስለዚህ ብርዱ የሚሰጠውን የአየሩ መሳሳት በከፊል ይቀማል። እናንተ ጋ ግን ምንም መከራከሪያ የለኝም፣ ፀሐዩ ያውቃል።

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 10፣ ማታ 1:10

ደስታዬ አንድ ቀን አልሞላም። ዛሬ ረቡዕ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ10 ላይ፣ ሙቀቱ 55 እያለ፣ ድርግም። ሰማያዊም አላሳየም። ጽሑፍ ብቻ እየጻፍኩ ነበር።

አያ ብሎን | ኮምቦልቻ | ኅዳር 10፣ ማታ 3:40

አብሽር መምህር። ሃያ ዓመት ዕቃ ስፈታ ኖሬያለሁ፣ ያንተ ዓይነቱን ብዙ አይቻለሁ። እስካሁን የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ዘልላችኋል። ራሱ መምህሩ በመጀመሪያው ጽሑፍ «አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ ድርግም» ብሎ ነግሮን ነበር። እኛ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለን «ይጠፋል» አልነው። ትኩሳትና ስብራት ያለበትን ሰው «አሞታል» ብሎ አንድ መርፌ እንደመውጋት ነው።

ሰማያዊ ስክሪን ማለት ዊንዶውስ በሕይወት እያለ የማይሆን ነገር አይቶ ራሱን በፈቃዱ አቆመ ማለት ነው። ጊዜ ስላለው ምክንያቱን ይጽፋል። ድርግም ማለት ግን ዊንዶውስ ራሱ አያውቅም፤ ከሥሩ ጉልበቱን ተነጥቋል። ወይ ከመጠን በላይ ሞቆ ቦርዱ ቆርጦታል፣ ወይ ፓወር ሰፕላዩ (መብራቱን ተቀብሎ ለውስጡ ዕቃ የሚያድለው)፣ ወይ የግድግዳው መብራት። ሙቀቱን ሐይቅ ዳር ዘግታልሃለች፣ እጇን ይባርከው። ቀሪው ሁለት ነው።

ሁለት ነገር አድርግልኝ። አንደኛ፣ ደብተር ያዝ። ቀን፣ ሰዓት፣ «ሰ» ወይም «ድ»፣ በዚያን ሰዓት ቤት ውስጥ ምን ይሠራ እንደነበረ። ኮምፒውተሩ ላይ ምን ተከፍቶ ነበር ብቻ ሳይሆን ቤት ውስጥ። ሁለተኛ፣ ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የዊንዶውስ መዝገብ (ሎግ) ክፈት፣ ዊንዶውስ ሎግስ፣ ሲስተም። «ኬርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ ታያለህ። ዲቴይልስ የሚለውን ስትነካ «ባግቼክ ኮድ» አለ። 0 ከሆነ ድርግም ነው። ሌላ ቁጥር ካለ ሰማያዊው ነው፤ ስክሪኑ ላይ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚለው እዚያ 26 ሆኖ ይጻፋል፣ «ፔጅ ፎልት» የሚለው 80።

እና ፎርማት አታስደርግ። በቃ።

ሰኞ ገበያ | ደሴ | ኅዳር 10፣ ማታ 3:52

ፎርማት ምን በደለ አያ? ስንቱን አድኗል።

አያ ብሎን | ኮምቦልቻ | ኅዳር 10፣ ማታ 4:05

ቫይረስ ያለበትን ያድናል። ዕቃው የታመመውን ግን ምኑን ያድነዋል ልጄ? ሜሞሪው የተበላሸ ማሽን ላይ ዊንዶውስ ስትጭን ፋይሉ በዚያው በተበላሸ ሜሞሪ አልፎ ነው ዲስክ ላይ የሚጻፈው። አዲሱም ከነበሽታው ይወለዳል። እኛ ጠጋኞቹ ፎርማት የምንወደው ሁለት ሰዓት ስለሚበቃው ነው፤ ምርመራ ሦስት ቀን ያስቀምጣል፣ ለሦስት ቀን ደግሞ ማንም አይከፍልም። የሙያ ባልደረቦቼ ይቅር ይበሉኝ።

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 11፣ ማታ 3:00

አያ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። 41ቹ ተደርድረዋል፤ ገሚሱ 0፣ ገሚሱ 26፣ አንድ 80ም አለ። ዛሬ ማታ 2:40 ላይ ሰማያዊ መጣ፤ ፎቶ አንሥቼዋለሁ፣ «ሜሞሪ ማኔጅመንት» ይላል።

ግን ሰዓቱ ግራ አጋባኝ። የትናንቱን ድርግም በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀኑ 3:10 መሆን ሲገባው ሎጉ ከሌሊቱ 4:10 ይለዋል። በዚያ ሰዓት ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቶ ነበር። ማነው ሌሊት ኮምፒውተሬን የሚከፍተው? ቡዳው ነው?

የቦርከና ልጅ | ኮምቦልቻ | ኅዳር 11፣ ማታ 3:20

ቡዳው የፎርማት ነው መምህር። ዊንዶውስ ሲጫን ማንም ካልነካው የአሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ሰዓት ላይ ይቀመጣል። በኅዳር ወር ከእኛ 11 ሰዓት ወደኋላ ነው። 3:10 ከቀኑ ሲቀነስ 11፣ ልክ ከሌሊቱ 4:10። ሰዓት ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፣ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ሎጉ ራሱ ይስተካከልልዎታል። ታች ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ይህን ሁሉ ጊዜ ተሳስቶ አላዩትም?

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 11፣ ማታ 3:31

አይተነዋል። «እሱ ሰዓት አያውቅም» ብለን ትተነው።

ሐይቅ ዳር | ሐይቅ | ኅዳር 12፣ ጠዋት 2:15

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ መንደሩ ሁሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው። መምህር፣ መስኮትዎን ይዝጉ። በቀደም የጠረጉትን ፋን ዛሬ መልሰው እንዳያስለቅሱት።

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 18፣ ማታ 2:00

ስለዘገየሁ ይቅርታ፣ ፈተና ሳርም ነበር። ደብተሬ ይኸውና፦

ረቡዕ ኅዳር 10፣ ከቀኑ 9:10፣ ድ።
ሐሙስ ኅዳር 11፣ ማታ 2:40፣ ሰ። ልጄ ክሮም ላይ ብዙ ነገር ከፍታ ነበር።
ቅዳሜ ኅዳር 13፣ ጠዋት 3:25፣ ድ። 4:05 ላይ ደግሞ ድ።
እሁድ ኅዳር 14፣ ማታ 1:15፣ ሰ። የመጽሐፍ ፒዲኤፍና ወርድ አንድ ላይ።
ረቡዕ ኅዳር 17፣ ከቀኑ 9:30፣ ድ።
ሐሙስ ኅዳር 18፣ ከቀኑ 11:00፣ ሰ።

«ቤት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር» ለሚለው ብዙም አልጻፍኩም ነበር፤ እኔ ስሠራ ሌላው አይታየኝም። ዛሬ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቼው ባለቤቴ አንብባው ሳቋን ለቀቀችው። «ረቡዕና ቅዳሜ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፤ ይሄ እኮ እንጀራ የምጋግርበት ነው» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ያየሁት ነገር፣ አንድም ጊዜ አልታየኝም።

ምጣዱ ኤሌክትሪክ ነው። የሚሰካው ከሳሎኑ ጀርባ ካለው ሶኬት፣ የኮምፒውተሩም ዲቫይደር ከዚያው።

ፊውዝ | ወልድያ | ኅዳር 18፣ ማታ 2:25

እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን የኔ ተራ ደረሰ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። መጀመሪያ ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፣ ከሁላችንም ቀድማ ደርሳበታለች።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል። 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ነው። ኮምፒውተርህ ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም። አንድ ሶኬት ላይ ማሰር በሬንና ዶሮን በአንድ ቀንበር መጥመድ ነው። መስመሩ ላይ አንድ ኦም ተቃውሞ ካለ፣ ማለትም ሽቦው ቀጭን ሆኖ ወይ ብሎኑ ላልቶ፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 16 ቮልት እዚያው ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ሙቀት ሆኖ ነው፤ 250 ዋት ያህል። ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነው፣ ከኮምፒውተሩ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ስትጋግር ሰው ጥራና ይለካ። ቴስተሩ ተለዋዋጭ መብራት (ኤሲ) ላይ ሆኖ፣ መጀመሪያ ቆጣሪው ሥር፣ ቀጥሎ ሶኬቱ ላይ፤ ምጣዱ ጠፍቶና በርቶ። ራስህ ካልለመድከው አትንካ፣ ደብተርና እርሳስ ያዝ፣ ይበቃሃል። ሌላው፣ የኮምፒውተሩ ጀርባ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ መሳይ አለች? ላይዋ ላይ የተጻፈውን ንገረኝ። አትንካት ግን።

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 20፣ ከቀኑ 7:40

የጎረቤታችን ልጅ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ዛሬ መጥቶ ለካልኝ። ምጣዱ ሳይበራ ቆጣሪው ሥር 207፣ ሶኬቱም ላይ 207። ምጣዱ ሲበራ ቆጣሪው ሥር 190፣ ሶኬቱ ላይ ግን 171! ያን ጊዜ ጎረቤትም እየጋገረች ነበር፤ ቆጣሪው የጋራ ነው። ሶኬቱን ሲፈታው ውስጡ ጠቁሯል፣ አንዱ ሽቦ ብሎኑ ሥር እንደ ጥርስ ይነቃነቃል። ፕላስቲኩ ቀልጦ ነበር። እኛ ደግሞ ሽታውን የዕጣን ነው እንላለን።

ቀዩዋ ማብሪያ አለች፤ 230 ይላል። በሌላ በኩል 115።

ሰኞ ገበያ | ደሴ | ኅዳር 20፣ ከቀኑ 8:02

ታዲያ መብራቱ ወርዶ ከሆነ 115 ላይ ማድረግ ነዋ! በአነስተኛ እንዲሠራ።

ፊውዝ | ወልድያ | ኅዳር 20፣ ከቀኑ 8:04

እጅህን ሰብስብ! ማንም ሰው ይሄን እንዳያደርግ። ያቺ ማብሪያ 115 ላይ ስትሆን ውስጡ የገባውን ቮልት እጥፍ አድርጎ ነው የሚያከማቸው። ምጣዱ ሲጠፋ መብራቱ ወደ 207 ይመለሳል፤ በዚያች ቅጽበት ካፓሲተሮቹ ይፈነዳሉ። ጥይት ነው የሚመስለው፣ ሰምቼዋለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። የዚህ ዓይነት ባለ ማብሪያ ፓወር ሰፕላይ 230 ላይ ሲሆን የተሠራው ከ180 እስከ 265 ቮልት ላለው ነው። አንተ ጋ 171 ገብቷል። ደግሞም ምጣዱ ሲሰካ መብራቱ ለአፍታ የበለጠ ይወድቃል፤ ደህና ፓወር ሰፕላይ ያለ መብራት 16 ሚሊሰከንድ ያህል ትንፋሹን ይይዛል፣ ያረጀው ያንን እንኳ አይችልም። ጥገና ቤቱ ጋ ደህና የሚውለው ለዚህ ነው። እዚያ እንጀራ የሚጋግር የለም።

የልጆችህ ላፕቶፕ ካለ አይጠፋም። ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ይቀበላል፣ በዚያ ላይ ባትሪ አለው።

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 21፣ ማታ 1:00

ዛሬ እሁድ ነው፣ ግን ልጁ እንቢ አላለም። ለምጣዱ ከቆጣሪው የራሱን መስመር በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ከነብሬከሩ ዘረጋለት፤ ሶኬቱንም ቀየረ። አሁን ምጣዱ በርቶ ኮምፒውተሩ ጋ 189 ይደርሳል። የጋራ ቆጣሪው ነገር ግን በኛ አቅም አይደለም። ለመጠባበቂያ ባለባትሪውን ዩፒኤስ ልግዛ?

ፊውዝ | ወልድያ | ኅዳር 21፣ ማታ 1:35

ግዛ፤ ቮልት የሚያስተካክለውን ዓይነት። ኮምፒውተሩንና ስክሪኑን ብቻ ስካበት። ሌዘር ፕሪንተር እንዳትሰካበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ዩፒኤሱን ይጥለዋል። ምጣድ የሰካም አጋጥሞኛል፤ ስሙን አልጠራም፣ ዘመዴ ነው።

አያ ብሎን | ኮምቦልቻ | ኅዳር 21፣ ማታ 2:10

ድርግሙ ተቀበረ። ሰማያዊው ግን በሕይወት አለ፤ ረቡዕና ቅዳሜ አይመርጥም። ደብተርህን ዳግመኛ ተመልከተው፤ ምን እንደተከፈተ የጻፍክበት «ሰ» ሁሉ ብዙ ነገር ተከፍቶ ነው። ክሮም፣ ፒዲኤፍ፣ ወርድ። ያ ማለት ሜሞሪው ሲሞላ። ኮዱም ራሱ ሜሞሪ ይላል። አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ፣ አስበህ መልስ፤ ከመስከረም በፊት እዚህ ኮምፒውተር ላይ ምን ተቀየረ?

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 21፣ ማታ 2:18

ምንም አልተቀየረም።

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 21፣ ማታ 2:26

ኧረ ይቅርታ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ትምህርት ሳይጀመር 4 ጊጋ ሜሞሪ ጨምሬበታለሁ። ፊት 4 ብቻ ነበር። እንዲፈጥን ብዬ ነው እንጂ «መቀየር» መስሎ አልታየኝም።

አያ ብሎን | ኮምቦልቻ | ኅዳር 21፣ ማታ 2:40

ይሄው! ዳቦ ሲጨመር ማን ተቀየረ ይላል።

ሜምቴስት 86 የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን ሳይነካ በፍላሹ ይነሳል። ማታ ከፍተህ ተኛ። አንድ ቀይ መስመር እንኳ ካየህ ሜሞሪው አይሆንም። «ትንሽ ነው» አይባልም፣ ዜሮ ነው የሚፈለገው። ስህተት ካለ ሁለቱን ነቅለህ አንድ በአንድ ሞክር። ስትነቅል ገመዱን ከግድግዳ አውጣ፣ ማብሪያውን ተጫንና የቀረውን አስወጣ፣ የሳጥኑን ብረት ነካ አድርግ፤ የሱፍ ሹራብ ለብሰህ አትግባበት፣ በደሴ ብርድ ቢከብድህም። ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ በቀስታ እሻቸው፣ ፍርፋሪውን አራግፍ። ብዙ ጊዜ በሽታው ያ ብቻ ይሆናል።

አንዲት ነገር ልብ በል። ስህተቱ ሲገኝ ሜሞሪውን ወዲያው አትጣል። ያንኑ ሜሞሪ ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሰክተህ ድገም። ስህተቱ ሜሞሪውን ተከትሎ ከሄደ ሜሞሪው ነው፤ ቀዳዳው ጋ ከቀረ ግን ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ነው። ያኔ ሌላ ወሬ ነው የምናወራው።

የቦርከና ልጅ | ኮምቦልቻ | ኅዳር 21፣ ማታ 2:55

መምህር ፍላሹን ለማዘጋጀት ከተቸገሩ እኔ በውስጥ መስመር እመራዎታለሁ። የዊንዶውሱ የራሱ ምርመራም አለች፤ ስታርት ላይ «ሜሞሪ» ብለው ሲጽፉ ትመጣለች። ቀለል ያለች ናት፣ የረቀቀውን ታሳልፋለች። ሃርድ ዲስኩንም ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ይመልከቱት፤ በየጊዜው መብራት የሚነጠቅ ዲስክ ይጎዳል። «ፔንዲንግ ሴክተር» (ለማንበብ ያስቸገረ የዲስክ ክፍል) የሚለው ከዜሮ በላይ ከሆነ ፈተናዎቹን ወደ ፍላሽ ያሽሹ።

ጠመኔ | ደሴ | ኅዳር 24፣ ማታ 1:45

ሦስት ሌሊት ፈጀ፤ ልጆቼ አኩርፈውኛል።

አንደኛው ሌሊት፣ ሁለቱም ተሰክተው፦ ጠዋት ስነሳ ስክሪኑ ቀይ በቀይ። ሁለተኛው፣ አሮጌው ብቻ፦ አራት ዙር፣ ዜሮ። ሦስተኛው፣ አዲሱ ብቻ፣ አሮጌው ሲሠራበት በነበረው ቀዳዳ፣ በላጲስ ታሽቶ፦ ገና በሁለተኛው ዙር ቀይ። ተከትሎት ሄደ እንዳሉት ነው አያ። ባዶው ቀዳዳም ንጹሕ ነው፣ ዛሬ ቀን አሮጌውን ሰክቼ አይቻለሁ።

ዲስኩ ደህና ነው፣ ዜሮ ይላል።

የሸጠልኝ ልጅ ደረሰኝ የለህም ብሎ ትንሽ አንገራገረ። የስክሪኑን ፎቶ ሳሳየው ግን ዝም አለና ሌላ ሰጠኝ። አዲሱንም እዚያው ሱቁ ውስጥ አላመንኩትም፤ ዛሬ ማታ ይፈተናል። ልጆቼ ይህን አላወቁም።

ሐይቅ ዳር | ሐይቅ | ኅዳር 25፣ ጠዋት 2:00

እኔ ግን አንድ አልገባኝም። ሜሞሪው ተበላሽቶ ከነበረ ጥገና ቤት ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ለምን ሰማያዊ አላመጣም?

አያ ብሎን | ኮምቦልቻ | ኅዳር 25፣ ጠዋት 3:10

ጥሩ ጥያቄ ነው እቴ። ሱቅ ውስጥ በርቶ ዋለ እንጂ ሲሠራ አልዋለም። ባዶ ዊንዶውስ ከ8ቱ ጊጋ ሁለቱን ቢነካ ነው። የተበላሸችው ክፍል ላይኛው ፎቅ ላይ ብትሆን ማንም አይደርስባት። የመምህር ልጅ ክሮም ስትከፍት ነው እንግዳ የሚበዛውና ያች ክፍል የምትከፈተው።

ጠመኔ | ደሴ | ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2:15

ከኅዳር 24 ወዲህ ሰማያዊ አላየሁም። አዲሱ ሜሞሪ ሌሊቱን ሙሉ ዜሮ ሆኖ አደረ። ድርግም አንድ ጊዜ መጣ፣ ታኅሣሥ 3፤ ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ጨለማ ስለነበረ አልቆጥረውም። ዩፒኤሱን ደመወዝ ሲወጣ እገዛለሁ። እስከዚያው ረቡዕና ቅዳሜ በየአሥር ደቂቃው ሴቭ አደርጋለሁ፤ ደብተሩም አለ፣ ልጄ «ሰ» እና «ድ» መጻፍ ጀምራለች፣ ሌላው ቀርቶ ውሃ ሲጠፋም ትጽፋለች።

አያ፣ ፊውዝ፣ ሐይቅ ዳር፣ አንተም የቦርከና ልጅ፣ ደሴ ስትመጡ ቡና የኔ ነው። ቅዳሜ ከመጣችሁ ትኩስ እንጀራም አለ።

ሰኞ ገበያ | ደሴ | ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2:30

እኔስ አልተጠራሁም? እና ዊንዶውስ 11 አልጫኑም ማለት ነው?

ጠመኔ | ደሴ | ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2:33

አንተም ና። አልጫንኩም።

ሐይቅ ዳር | ሐይቅ | ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2:50

ዳንቴሉስ?

ጠመኔ | ደሴ | ታኅሣሥ 12፣ ማታ 2:52

ቴሌቪዥኑ ላይ።